10 ቃል በ12 ሽልንግ ተኩል

ታይታኒክ ከተባለ ሁላችንም የምናውቀው አናጣም። የበረዶው ተራራ አለ። የጀልባው ማነስ አለ። መርከቧ እስክትሰጥም መሣሪያቸውን ያላስቀመጡት ሙዚቀኞች አሉ። ከዚያ ደግሞ በ1997 የወጣው ፊልም አለ፤ እኛም አገር በየቪዲዮ ቤቱ ታይቶ፣ ዘፈኑ በየታክሲው ተዘፍኖ፣ ሁለቱን ወጣቶች እንደ ጎረቤት ልጅ እስክናውቃቸው ድረስ ያለቀስንበት። እኔ ዛሬ የማወራው ግን በዚያች መርከብ የላይኛው ወለል ላይ ስለነበረች አንዲት ጠባብ ክፍል ነው። በክፍሏ ውስጥ ሁለት ጎረምሶች እየተፈራረቁ የሰው መልእክት ቃል በቃል እየቆጠሩ ይልኩ ነበር። 10 ቃል በ12 ሽልንግ ተኩል፤ ከ10 በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ቃል 9 ፔንስ። የዚያች ሌሊት መከራ በከፊል ከዚህ ታሪፍ ጋር የተያያዘ ነው ብል የተጋነነ እንዳይመስላችሁ። ነገሩን ከሥሩ ላምጣው። (ዓመቱን በአውሮፓውያን፣ ሰዓቱን በራሳችን አቆጣጠር እጠቅሳለሁ።)

ከመቶ ሃያና ከመቶ ሠላሳ ዓመት በፊት መርከብ ከወደብ ከተነሣ በኋላ ለዘመድ እንደሌለ ነው። ማዶ ደርሶ ደብዳቤ እስኪመጣ ወይም ሌላ መርከብ «በመንገድ አየነው» ብሎ እስኪያወራ ድረስ ወሬው የለም። ባሕር ላይ መነጋገሪያው ቀን ባንዲራ፣ ሌሊት ፋኖስ ነው፤ ያም ዓይን እስካየው ድረስ ብቻ። እኛም ዘንድ ኢየሩሳሌም ሊሳለም ወይም መካ ሐጅ ሊያደርግ የወጣ ሰው ቤተሰቡ የመንገደኛ ወሬ እየጠበቀ ይከርም ነበርና ጭንቀቱ አይጠፋንም። በ1854 «ሲቲ ኦፍ ግላስጎ» የተባለች መርከብ 480 ያህል ሰው ይዛ ከሊቨርፑል ወደ ፊላደልፊያ ተነሣች፤ ተነሣች እንጂ አልደረሰችም። የት እንደ ወደቀች ያየ የለም። በ1893 የዋይት ስታር ኩባንያ «ናሮኒክ» 74 ሰው እንደያዘች እንዲሁ ቀረች። ዋይት ስታር ማለት በኋላ የታይታኒክ ባለቤት የሆነው ኩባንያ ነው። እንዲህ ያለው ሞት ለቅሶውም አይወጣም። መርዶ ነጋሪ የለው፣ ቀኑ የማይታወቅ፣ ተስካሩን መቼ ያወጡለት?

በዚያው ዘመን መርከቦቹ ራሳቸው እየገዘፉ፣ እየፈጠኑ ሄዱ። የእንግሊዞቹ ኩናርድና ዋይት ስታር፣ የጀርመኖቹ ሃምቡርግ አሜሪካና ኖርድዶይቸር ሎይድ እሽቅድምድም ገቡ። በ1907 ሥራ የጀመረችው የኩናርድ «ሞሪታኒያ» 32,000 ቶን ያህል ነበረች፤ በ1909 አትላንቲክን ከ5 ቀን ባነሰ ጊዜ አቋርጣ ያስመዘገበችው ክብረ ወሰን እስከ 1929 ድረስ የነካው አልተገኘም። ጋዜጦች ስለ ምንጣፉ፣ ስለ መብራቱ፣ ስለ መመገቢያ አዳራሹ ጻፉ። ተንሳፋፊ ሆቴል ተባለ። የሆቴሉን ሒሳብ ይደጉም የነበረው ግን ከታች በ3ኛ ማዕረግ የታጨቀው ስደተኛ ነው። በ1907 ብቻ ወደ አሜሪካ የገባው ስደተኛ 1.3 ሚሊዮን ያህል ነበር። አየርላንዳዊው፣ ጣልያናዊው፣ ከሩሲያ ግዛት የሸሸው አይሁዳዊ፣ ስዊድናዊው ገበሬ ያለውን ሽጦ ትኬት ቆርጦ ነው የሄደው። ይህን ሰው አስታውሱልኝ፤ ወደ እሱ እንመለሳለን።

እንግዲህ ጉሊየልሞ ማርኮኒ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። በ1874 ቦሎኛ ተወለደ። አባቱ ባለ ርስት ጣልያናዊ፣ እናቱ ደግሞ ከታወቀው የጄምሰን ውስኪ ጠማቂ ቤተሰብ የተገኘች አየርላንዳዊት ነች። በ1896 ገና በ21 ዓመቱ ሽቦ አልባውን መሣሪያውን ይዞ ለንደን ገባ፤ በዚያው ዓመት የፈጠራ መብት ጠየቀ፤ በዓመቱ ኩባንያ አቋቋመ። በኅዳር 1899 «ሴንት ፖል» በተባለች መርከብ ከአሜሪካ ወደ እንግሊዝ ሲመለስ፣ ወደ ዋይት ደሴት ሲቃረቡ መሣሪያውን ከፍቶ ከጣቢያው ጋር ተነጋገረ። ከየብስ የመጣውን ወሬ በመርከቧ ማተሚያ አትሞ አንዱን ቅጂ በ1 ዶላር ሸጠው። ወሬው የቦር ጦርነት ነበር፤ ደቡብ አፍሪቃ ውስጥ የተከበቡት ከተሞች ገና እንዳልተያዙ ይናገራል። ተሳፋሪው ወደብ ሳይደርስ የየብስን ወሬ አነበበ። ገንዘቡ ለባሕረተኞች መርጃ የተሰጠ ቢሆንም ነገሩ የሚያሳየው አለ፤ ወሬ ባሕር ላይ መሸጥ ጀመረ። በ1901 ደግሞ ማርኮኒ ከእንግሊዝ ኮርንዎል የተላኩትን ሦስት የሞርስ ነጥቦች ኒውፋውንድላንድ ሆኖ ሰማሁ አለ። አትላንቲክ ሁሉ የእሱ ገበያ ሆነ።

የንግዱን አሠራር ልብ በሉልኝ። ማርኮኒ ዕቃውን ለመርከብ ኩባንያዎች አልሸጠም፤ ከነሠራተኛው አከራየ። ቴሌግራፍ መቺው ቀጣሪው የማርኮኒ ኩባንያ ሆኖ ሳለ መርከብ ላይ ደግሞ በካፒቴኑ ሥር ያድራል። ለሁለት ጌታ ማደር የሚባለው ይኸው ነው። ከዚያ በላይ ደግሞ ኩባንያው የራሱ ሕግ ነበረው፤ የማርኮኒ ሠራተኛ፣ የጭንቅ ጊዜ ካልሆነ በስተቀር፣ የሌላ ኩባንያ መሣሪያ ከያዘ መርከብ ጋር አይነጋገርም። በ1902 የጀርመን ንጉሠ ነገሥት ወንድም ልዑል ሃይንሪሽ ከአሜሪካ ጉብኝቱ ሲመለስ «ዶይችላንድ» ከተባለችው መርከብ ለፕሬዚዳንት ሩዝቬልት የምስጋና መልእክት ሊልክ ፈለገ። መርከቧ የያዘችው የጀርመን መሣሪያ ስለነበረ የማርኮኒ ጣቢያዎች አንቀበልም አሉ። ልዑል ይሁን ማንም ይሁን፣ ከእኛ ዕቃ ካልተከራየህ አንሰማህም ነው ነገሩ።

ጀርመኖች ተናደዱ። በ1903 በርሊን ላይ መንግሥታትን ሰበሰቡ፤ በ1906 እዚያው በርሊን ላይ ውል ተፈረመ። የባሕር ዳርቻ ጣቢያና መርከብ መሣሪያው የማንም ይሁን የማን እርስ በርስ መልእክት ይቀባበል ተባለ። የጭንቅ ጥሪውም አንድ ሆነ፤ ሦስት ነጥብ፣ ሦስት ሰረዝ፣ ሦስት ነጥብ፤ ዛሬ ኤስ ኦ ኤስ የምንለው። ብዙ ሰው ፊደሎቹን «ነፍሳችንን አድኑ» ብሎ ይተረጉማቸዋል፤ የተመረጡት ግን ለጆሮ ስለሚቀሉ እንጂ ትርጉም ኖሯቸው አይደለም። የማርኮኒ ልጆች ከ1904 ጀምሮ የራሳቸው ጥሪ ነበራቸው፤ «ሲ ኪው ዲ» ይባላል። ውሉ በ1908 ሥራ ላይ ከዋለም በኋላ እሱን አልተውትም። የሰው ልጅ የኩባንያውን ምልክት ከዓለም ምልክት ሲያስበልጥ ይህ የመጀመሪያው አይደለም፤ የመጨረሻውም አልሆነም።

ተሳፋሪው ግን ይህን ሁሉ አያውቅም፤ ደስታውን ነው የሚያውቀው። ከባሕር መሀል «ደኅና ነን» ብሎ ለሚስት መላክ፣ የአክሲዮን ዋጋ መጠየቅ፣ ሆቴል ማስያዝ ተቻለ። ትልልቆቹ መርከቦች በየዕለቱ ጋዜጣ አውጥተው ቁርስ ላይ ያድሉ ጀመር። መልእክቱም ስም ወጣለት፤ ማርኮኒግራም ተባለ። እኔ ለብዙ ዓመታት ሥነ ጽሑፍ አስተምሬአለሁና የቴሌግራም ቋንቋ ነገር ይገርመኛል። እኛም አገር ቴሌግራም በቃል ይከፈል በነበረ ጊዜ «እናት ታመዋል ቶሎ ድረስ» ከተባለ ወዲያ ሰላምታ የለም። አማርኛችን እንኳ ለዚህ ሳይመች አልቀረም። «አልነገርኩህም» ለእኛ አንድ ቃል ነው፤ እንግሊዙ በማርኮኒ ታሪፍ የ5 ቃል ይከፍልበታል። ግሱ ባለቤቱን፣ ተሳቢውንና አሉታውን በአንድ አዝሎ ይሄዳል። ነገሩ ቀልድ ይመስላል፤ ቃል ዋጋ ሲኖረው ግን ማን ስንት ይናገራል የሚለው ጥያቄ አብሮ ይመጣል።

የሽቦ አልባው ዝና በሁለት ነገር ገነነ። አንደኛው በጥር 1909 ነው። የዋይት ስታር «ሪፐብሊክ» ከአሜሪካ ጠረፍ ናንታኬት አጠገብ በጉም ውስጥ «ፍሎሪዳ» ከተባለች የጣልያን መርከብ ጋር ተጋጨች። ጃክ ቢንስ የተባለው ቴሌግራፍ መቺ ግድግዳው በተደረመሰ፣ ብርድና ጨለማ በዋጠው ክፍል ውስጥ ለሰዓታት ተቀምጦ የጭንቅ ጥሪውን ላከ። «ባልቲክ» የተባለችው መርከብ ደረሰች። በሁለቱ መርከቦች ላይ ከነበረው ሰው 1,500 ያህሉ ተረፈ። ቢንስ ኒውዮርክ ሲገባ እንደ ጦር ጀግና ተቀበሉት።

ሁለተኛው የወንጀል ታሪክ ነው። በሐምሌ 1910 ዶክተር ክሪፐን የተባለ፣ ለንደን ውስጥ ሚስቱን በመግደል የተጠረጠረ ሰው ወዳጁን እንደ ወንድ ልጅ አልብሶ፣ «አቶ ሮቢንሰንና ልጁ» ተብለው «ሞንትሮዝ» በተባለች መርከብ ወደ ካናዳ ተሳፈሩ። ካፒቴኑ ሄንሪ ኬንዳል የአባትና የልጁ እጅ ለእጅ መያያዝ አላማረውም፤ ጥርጣሬውን በሽቦ አልባ ወደ እንግሊዝ ላከ። የስኮትላንድ ያርዱ ኢንስፔክተር ዲው በፈጣኗ «ሎረንቲክ» ቀድሞ ካናዳ ደረሰ። ዓለም ሁሉ በጋዜጣ ሲከታተል አንድ የማያውቅ ሰው ነበረ፤ ራሱ ክሪፐን። መርከቡ ወለል ላይ እየተንሸራሸረ፣ ከራሱ በላይ ባለው ሽቦ ስሙ ሲመላለስ አይሰማም። ፋዘር ፖይንት ላይ ተያዘ፤ በኅዳር ተሰቀለ።

ከሁለቱ ታሪኮች ሕዝብ የተማረው «መርከብ ከእንግዲህ ብቻውን አይደለም» የሚለውን ነው። ግማሹ እውነት ነው። አሜሪካ በ1910 ባወጣችው ሕግ 50ና ከዚያ በላይ ሰው የሚጭን መርከብ እስከ 100 ማይል የሚያደርስ ሽቦ አልባ ይያዝ አለች። መሣሪያውን አዘዘች፤ መሣሪያው አጠገብ ሌሊት ማን ይቀመጥ የሚለውን አላዘዘችም። ብዙዎቹ መርከቦች አንድ ሠራተኛ ብቻ ነበራቸው፤ አንድ ሰው ደግሞ ይተኛል። ጆሮ ተገዛ፤ የሚሰማበት ሰዓት ግን ሠራተኛው እስኪደክመው ድረስ ነው።

አሁን ወደዚያች ክፍል እንግባ። በሚያዝያ 10 ቀን 1912 ታይታኒክ ከሳውዝሃምፕተን ስትነሣ ሁለት ቴሌግራፍ መቺዎች ነበሯት። ጃክ ፊሊፕስ በማግስቱ ባሕር ላይ 25 ዓመት ሞላው። ረዳቱ ሃሮልድ ብራይድ 22 ዓመቱ ነው። መሣሪያቸው በዘመኑ ከነበሩት ኃይለኞች አንዱ ነው። ዓርብ ሌሊት መሣሪያው ተበላሸ። የኩባንያው ደንብ «ዋናው ዕቃ ከተበላሸ አትንኩት» የሚል ቢሆንም ሁለቱ ልጆች ለሰዓታት ደክመው ጠገኑት። ባይጠግኑት ኖሮ ያች ሌሊት ምን ትሆን እንደነበረ ማሰብ ያስፈራል። ነገር ግን መሣሪያው በቆመበት ጊዜ የተሳፋሪው መልእክት ተከመረ። እሑድ ማታ ፊሊፕስ ይህን ክምር በኒውፋውንድላንዱ የኬፕ ሬስ ጣቢያ በኩል ያራግፍ ነበር። ሰላምታ፣ የንግድ ጉዳይ፣ «ረቡዕ እንገባለን፣ ተቀበሉን» የመሳሰለው ሁሉ።

በዚያው ቀን የበረዶ ማስጠንቀቂያ ከየመርከቡ ይመጣ ነበር። «ባልቲክ» የላከችውን ካፒቴን ስሚዝ ለዋይት ስታሩ ኃላፊ ለብሩስ ኢስሜይ ሰጠው፤ ኢስሜይ ኪሱ ከትቶት ለሰዓታት ቆየ። ማታ 3 ሰዓት ከ40 ላይ «መሳባ» የላከችው ማስጠንቀቂያ ከቴሌግራፍ ክፍሉ ወጥቶ ለመርከቧ መኮንኖች አልደረሰም። ወደ 5 ሰዓት ገደማ ደግሞ በአቅራቢያው በረዶ ከቧት የቆመችው «ካሊፎርኒያን» ነበረች። የሷ ብቸኛ ቴሌግራፍ መቺ የ20 ዓመቱ ሲሪል ኤቫንስ «ቆመናል፤ በረዶ ከቦናል» ብሎ ላከ። መርከቦቹ ቅርብ ለቅርብ ስለነበሩ ድምፁ የፊሊፕስን ጆሮ አደነቆረው፤ የሩቁን የኬፕ ሬስን ድምፅም ሸፈነበት። ፊሊፕስ «ዝም በል፣ ሥራ ይዣለሁ፤ ከኬፕ ሬስ ጋር ነኝ» አለው። ኤቫንስ አልተቀየመም፤ በነሱ ሙያ የተለመደ አነጋገር ነው። ጥቂት ካዳመጠ በኋላ 5 ሰዓት ተኩል አካባቢ ማዳመጫውን አውልቆ ተኛ። ከጠዋት ጀምሮ ብቻውን የዋለ ልጅ ነው። 5 ሰዓት ከ40 ላይ ታይታኒክ በረዶውን ገጨች።

እዚህ ላይ ፊሊፕስን መውቀስ ቀላል ነው፤ የወቀሱትም አሉ። እኔ ግን የሥራውን ሥርዓት እንድታዩልኝ እፈልጋለሁ። ለካፒቴን የሚደርስ ይፋ መልእክት የራሱ መለያ ምልክት ነበረው፤ ያ ምልክት ያለበት ቅድሚያ ያገኛል። ኤቫንስ ምልክቱን አላደረገበትም፤ የላከው እንደ ጨዋታ፣ እንደ ባልንጀራ ወሬ ነው። በረዶ ለማስጠንቀቅ ፎርማሊቲ ያስፈልጋል፤ «ናፍቀሽኛል» ለማለት ግን 12 ሽልንግ ተኩል ይበቃል። አንዱ ገቢ አለው፣ ሌላው የለውም። ፊሊፕስ እንደ ታማኝ ተቀጣሪ ደንበኛ የከፈለበትን ሥራ አስቀደመ። ክፉ ሰው ስላልሆነ ነው ነገሩ የሚያሳዝነው።

ጥፋቱን ሁሉ ለዚያች ክፍል ማሸከምም ግፍ ነው። ካፒቴን ስሚዝ ከዚያ በፊት ሌሎች ማስጠንቀቂያዎች ደርሰውት ፍጥነቱን አልቀነሰም፤ የዘመኑ ልማድ በረዶው በዓይን እስኪታይ መገስገስ ነበር። መርከቧ የያዘችው ጀልባ ለተሳፈረው ሰው ግማሽ ያህል ብቻ የሚበቃ ነው። ይህን ሁሉ ሽቦ አልባው አላመጣውም። ነገር ግን የኤቫንስን መኝታ አስቡት። «ካሊፎርኒያን» ካፒቴኗ ራሱ በተናገረው ርቀት እንኳ ከ20 ማይል በታች ነበረች። መኮንኖቿ ሰማይ ላይ የሚተኮሰውን ነጭ ርችት ከሩቅ አይተዋል። በመርከቧ ላይ ጥሪውን ሊሰማ የሚችለው ብቸኛ ጆሮ ግን እንቅልፍ ወስዶታል፤ እስኪነጋ የቀሰቀሰው የለም።

የተረፉትም በዕድል ነው። 58 ማይል ርቃ የነበረችው የ«ካርፓቲያ» ቴሌግራፍ መቺ ሃሮልድ ኮታም የ21 ዓመት ልጅ ነው። እሱም ብቻውን ነበረ፤ ሥራውን ጨርሶ ሊተኛ ልብሱን እያወለቀ ማዳመጫውን ግን ከጆሮው አላነሣውም። ፊሊፕስ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ከሩብ ጀምሮ «ሲ ኪው ዲ» ሲል ቆየ፤ በኋላም አዲሱን ኤስ ኦ ኤስ ቀላቀለበት። ኮታም ሰማ። ካፒቴን ሮስትሮን መርከቡን አዙሮ በበረዶው መሀል በረረ። 8 ሰዓት ከ20 ላይ ታይታኒክ ሰጠመች፤ «ካርፓቲያ» 10 ሰዓት ላይ ደረሰች። ከ2,200 በላይ ከነበረው ሰው 1,500 ያህሉ አለቀ፤ 700 ያህሉ ተረፈ። ፊሊፕስ ካፒቴኑ «ሥራችሁን ፈጽማችኋል፣ ራሳችሁን አድኑ» ካለው በኋላም እየላከ ቆይቶ ሞተ። ብራይድ እግሩ ተጎድቶ ተረፈ፤ «ካርፓቲያ» ላይም ኮታምን ሊረዳ እየተደገፈ ወደ መሣሪያው ክፍል ሄደ።

ያን የ3ኛ ማዕረግ ስደተኛ አስታውሱልኝ ብዬ ነበር። ትኬቱ ከ7 እስከ 8 ፓውንድ ነው፤ ፓውንዱ 20 ሽልንግ። በሳምንት 1 ፓውንድ ለሚያገኝ ሠራተኛ የ10 ቃል መልእክት ከግማሽ ሳምንት ደሞዙ ይበልጣል። በዚያች ሌሊት ኬፕ ሬስን ካጨናነቀው ክምር ውስጥ የሱ ድርሻ ስንት ሊሆን እንደሚችል ገምቱት። ከ1ኛ ማዕረግ ተሳፋሪ ከ10 6 ያህሉ ሲተርፍ፣ ከ3ኛው ማዕረግ ከ4 አንዱ ብቻ ነው የተረፈው። ማስጠንቀቂያውን ለሸፈነው ጫጫታ የከፈሉት አንዶች፣ ዋጋውን በነፍሳቸው የከፈሉት በብዛት ሌሎች ናቸው።

በማግስቱ ደግሞ ሌላ ጉድ መጣ። ከየብስ ያለው ጣቢያ ሁሉ፣ አማተሩም ነጋዴውም፣ ባንዴ አየሩ ላይ ተረባረበ። የተቆራረጡ መልእክቶች ተገጣጠሙና «ሁሉም ድኗል፤ መርከቧ ወደ ሃሊፋክስ እየተጎተተች ነው» የሚል ወሬ በጋዜጣ ወጣ። የሟች ቤተሰብ ለአንድ ቀን ተደሰተ። ፕሬዚዳንት ታፍት የወዳጁን የአርቺባልድ በትን ደኅንነት ሊጠይቅ ቢሞክር «ካርፓቲያ» መልስ አልሰጠችውም። በዚያው ጉዞ መጨረሻ ላይ ግን ከማርኮኒ ኩባንያ ሰዎች ለቴሌግራፍ መቺዎቹ «አፋችሁን ዝጉ፤ ታሪካችሁ በጥሩ ገንዘብ ተሸጦላችኋል» የሚል መልእክት ደረሳቸው። የብራይድ ታሪክ ለኒውዮርክ ታይምስ ተሸጠ። የአሜሪካው ሴኔት መርማሪ ሴናተር ስሚዝ በዚህ ጉዳይ ማርኮኒን ራሱን አስቀምጦ ጠየቀው። ስለ 1,500 ሰው ሞት የሚያውቁት ሁለት ልጆች የሚያውቁት ነገር ሸቀጥ ሆኖ ነበር።

ከዚህ በኋላ ሕግ መጣ። በ1912 አሜሪካ ሌሊትና ቀን የሚፈራረቁ ቴሌግራፍ መቺዎች እንዲኖሩ አዘዘች፤ የአማተሩንም አየር ለየች። በጥር 1914 ለንደን ላይ መንግሥታት ስለ ሰው ነፍስ ደኅንነት በባሕር ላይ ውል ፈረሙ፤ ጀልባ ለሁሉም፣ ያልተቋረጠ ማዳመጥ፣ በአትላንቲክ የበረዶ ቅኝት። ፍሬውም ታየ። በጥቅምት 1913 «ቮልተርኖ» የተባለች ስደተኛ የጫነች መርከብ በአትላንቲክ መሀል በእሳት ስትያያዝ ጥሪዋን ሰምተው 10 ያህል መርከቦች ደረሱላት፤ ከ500 በላይ ሰው ተረፈ። ሁሉንም አያድንም፤ በግንቦት 1914 «ኤምፕረስ ኦፍ አየርላንድ» በካናዳ ሴንት ሎረንስ ወንዝ ላይ ተገጭታ በ14 ደቂቃ ሰጠመች፤ ከ1,000 በላይ ሰው አለቀ። ካፒቴኗ ያ ክሪፐንን ያስያዘው ሄንሪ ኬንዳል ነው። የጭንቅ ጥሪዋን የተቀበለውም ክሪፐን የተያዘበት የፋዘር ፖይንት ጣቢያ ነው።

እኛን የሚመለከተው የማርኮኒ መጨረሻ ነው። ሰውየው በ1909 ከጀርመኑ ካርል ፈርዲናንድ ብራውን ጋር የኖቤል ሽልማት ተካፈለ፤ ከታይታኒክ የተረፉት ሰዎች ነፍሳቸውን ከፈጠራው ጋር ያያይዙ ነበር። በ1923 የፋሺስት ፓርቲ አባል ሆነ፤ በ1930 ሙሶሊኒ የጣልያን አካዳሚ ፕሬዚዳንት አደረገው። በ1935 ፋሺስት ኢጣልያ አገራችንን ስትወር ማርኮኒ የወረራው ጠበቃ ሆኖ ከአገር አገር ዞረ። ለንደን ሄዶ በቢቢሲ ስለ ጉዳዩ ልናገር ቢል ተከለከለ። የባሕሩን ጩኸት ለዓለም ያሰማ ሰው የኢትዮጵያን ጩኸት ለመስማት ጆሮ አላገኘም። በጣልያን ኩባንያ ተገንብቶ በዚያው በ1935 ሥራ የጀመረው የአቃቂ ሬዲዮ ጣቢያ በበኩሉ ያን አቤቱታ ወደ ውጭ ያስተላልፍ ነበር። መሣሪያ ታማኝነት የለውም፤ ለያዘው ያድራል። ማርኮኒ በሐምሌ 20 ቀን 1937 ሮማ ሲሞት በብሪታንያና በሌሎችም አገሮች የሬዲዮ ጣቢያዎች ለ2 ደቂቃ ጸጥ አሉለት። ያን ጊዜ አዲስ አበባ ላይ የየካቲት 12 ደም ከፈሰሰ 5 ወሩ ነበር። ለዚያኛው ጸጥ ያለ ጣቢያ አልነበረም።

መቼም አየር የማንም አይደለም እንላለን። ታሪኩ እንደሚያሳየን ግን አየሩ መልእክት መሸከም ከጀመረበት ቀን አንሥቶ ባለቤት፣ ታሪፍና ወረፋ አለው። ጥያቄው ወረፋው በምን ይያዛል ነው። ማርኮኒ በገንዘብ አስያዘው፤ መንግሥታት ከ1,500 ሰው ሞት በኋላ የጭንቅ ጥሪ ከሁሉ ይቅደም፣ ሌሊትም ሰሚ አይጥፋ አሉ። ዛሬም ወረፋው በገንዘብ ብቻ ሳይሆን በሥልጣን የሚያዝበት ጊዜ አለ። በትግራይ ጦርነት ጊዜ፣ ከ2020 እስከ 2022፣ ለረጅም ወራት ስልክና ኢንተርኔት ተቋርጦ ልጁ ይኑር ይሙት ሳያውቅ የከረመ ወላጅ ስንት ነው? በዚያ ወላጅና በ1854 ሊቨርፑል ወደብ ላይ ቆሞ በጠበቀው ሰው መካከል 166 ዓመት አለ። የመጀመሪያው መሣሪያው ገና አልተሠራለትም ነበር፤ የኋለኛው መሣሪያውን በኪሱ ይዞ ነው የጠበቀው።